ሦስት ሺህ የይለፍ ቃል

ማህተም መቺው በአርባ ሁለት ዓመቱ ፕሮግራም ፈቺ ልሁን ብሎ ተነሣ። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሉታል እንዲህ ያለውን፤ እሱም ስለ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነበር።

ነገሩን ያመጣው አለቃው ነው። አንዲት የመለማመጃ ፕሮግራም ለሠራተኛው ሁሉ አደለ። ስትከፈት የይለፍ ቃል ትጠይቃለች፤ ሌላ ሥራ የላትም።

"እስከ ዓርብ ውስጧን ፈትሾ ቃሉን ያገኘ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ይዛወራል" አለ።

ማህተም መቺው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ መስኮት ኋላ ተቀምጧል። ከዚያ መውጣት ከምንም በላይ ፈለገ።

የፕሮግራም ሆድ ዕቃ ዘርግቶ የሚያሳይ መሣሪያ ጫነ። ከመቶ መስመር ሦስቱ ገቡት። አንደኛው የተጻፈውን ቃል ርዝመት ከዜሮ ጋር ያነጻጽራል፤ የቃሉ ቦታ ባዶ መሆን አለመሆኑን ያያል ማለት ነው።

"ይቺማ የጀማሪ ወጥመድ ናት" ብሎ በኩራት አለፋት።

ከዚያ ግምት ጀመረ፤ የአለቃውን የልደት ቀን፣ የአለቃውን ሚስት፣ የአለቃውን ውሻ። ሦስት ሺህ ቃል ሞከረ። ከእያንዳንዱ በኋላ የማስገቢያዋን ቁልፍ፣ ኢንተርን፣ በዚያ ቀለም በማይለቀው አውራ ጣቱ እንደ ማህተም ይደቃታል።

"ኧረ ልጄ፣ ይቺ ትልቋ ቁልፍ ምን አደረገችህ? ጠቁራ የለም እንዴ!" አሉት የጽዳት ሠራተኛዋ።

"ሥራ ነው፣ እትዬ።"

"ይሄስ ሥራ አይደለም፣ ጠብ ነው።"

ማክሰኞ ጠዋት ሲገባ ስክሪኑ ላይ "እንኳን ደስ ያለዎት፤ ትክክል ነው" የሚል ጽሑፍ ጠበቀው። ማታ ሲወጣ ግን ፕሮግራሟን እንደጠየቀች ነበር የተዋት። ረቡዕም ሐሙስም እንዲሁ ሆነ። የገባው ቃል አይታይም። ማህተም መቺው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ጥርጣሬው ዝምታው በሚሉት ሰው ላይ ወደቀ። ዝምታው የጎን ጠረጴዛ ባልደረባው ነው፤ ማልዶ ይገባል፣ ካልጠየቁት አይናገርም።

"ቃሉን አግኝተሃል አይደል?"

"የቱን ቃል?"

"ተው እንጂ፣ እኔና አንተ!"

ዝምታው ሻዩን ጠጣ። ሌባ ብቻ ነው እንዲህ የሚረጋጋው ሲል ማህተም መቺው ደመደመ።

ዓርብ ከሁሉ ቀድሞ መጣና ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ተንበረከከ። ጉልበቱ ቋ አለ። የኮምፒውተር ባለሙያ ለመሆን የመጀመሪያው ፈተና ይሄ ይሆናል ብሎ አላሰበም ነበር።

ዝምታው ገባ። ኮቱን ሰቀለና ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ማህተም መቺው ትንፋሹን ውጦ እስኪመለስ ጠበቀ።

በሩን ከፍተው የገቡት ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ነበሩ፤ ጨርቃቸውን አርሰው ጎንበስ አሉ፣ ከሁሉ አስቀድመው ያቺን የጠቆረች ቁልፍ ጫን አድርገው ወለወሏት፣ ስክሪኑም "እንኳን ደስ ያለዎት" አላቸው።