የማለዳው ቁጥር

በሰው አገር የስኳር በሽታ ሕክምና እየተማረ፣ የእናቱን ስኳር በስልክ የሚቆጣጠረው እሱ ነበር። ታናሽ እህቱ ፈትለወርቅ በየማለዳው የእናታቸውን ጣት ወግታ፣ መለኪያው ላይ የወጣውን ቁጥር ፎቶ አንስታ ትልክለታለች።

ክረምቱ ሲገባ ቁጥሩ አሻቅቦ አልወርድ አለ። የሰፈሩ ሐኪም «ቀስ ብንል ይሻላል» ቢልም፣ እሱ ንቆት የኢንሱሊኑን መጠን በእጥፍ አስጨመረ። በማግስቱ ቁጥሩ እንደ ጤነኛ ሰው ተስተካከለ፤ ከዚያ ወዲህም ንቅንቅ አላለም። የእናቱን ድምፅ ልስማ ሲል «ጆሮዋ ከብዷል፣ ስልክ አትሰማም» ይሉታል። ምን ቸገረው፤ ቁጥሩን እያየ ይጽናናል፣ ለመምህራኑም በኩራት ያሳያል።

ተመርቆ የመጣ ዕለት፣ በበረዶ የታሸገ ኢንሱሊን እንዳቀፈ የግቢውን በር ሲገፋ ጥቁር የለበሱ ጎረቤቶች ቆመው ጠበቁት። አክስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«እናትህ አርፋለች፣ የኔ ልጅ። ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል ብለን ነው የደበቅንህ።»

«ምን ማለት ነው? ትናንት እኮ ቁጥሯ ደርሶኛል!»

ፈትለወርቅ መዳፏን ዘረጋችለት። የጣቶቿ ጫፎች በመርፌ ተበሳስተው ጠቁረዋል።

«መቼ ነው ያረፈችው?» አላት።

«ተወው፣ ወንድም ጋሼ።»

«መቼ ነው አልኩሽ!»

«ቁጥሩ የተስተካከለ ለት።»