የአሥራ ሁለት ደቂቃ ጫማ

የአገሩ የፊልም ማከማቻ ማሽኖች ሁሉ ሞልተው አሮጌ ፊልሞች በሰው ጭንቅላት ውስጥ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ ጡረተኛው ደምረው የራሱን ጭንቅላት በደስታ ሰጠ። የተረከበው ማንም የማያስታውሰውን የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሙዚቃዊ ፊልም ነው። በአፋር በረሃ፣ በጠባብ ገደል ውስጥ፣ ከረባት ያሰረ ዘፋኝ ስለ ዝናብ ይዘፍናል፤ ከኋላው የደምረው ሚስት ሽታዬ፣ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ፣ በባዶ እግሯ ትጨፍራለች። መብራት ያዡ ደምረው ራሱ ነበር።

መቼም ሕጉ ፍትሐዊ ነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲገባ አሥራ ሁለት ደቂቃ ትዝታ ይወጣል። የሚወጣውን የሚመርጠው ፊልሙን ያስረከበው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ "ከፊልሙ ጋር ተደጋጋሚ የሆነውን ብቻ ነው የምናወጣው" ብሎ በትሕትና አስረድቶታል።

ቅዳሜ ጠዋት ደምረው የፊልሙን ዘፈን እያንጎራጎረ ቁም ሣጥን ሲያጸዳ፣ በፎጣ የተጠቀለለ አሮጌ የወንድ ጫማ አገኘ።

"ሽታዬ! ይሄ የማነው?"

ሽታዬ የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች። "ቀረጻው እንዳበቃ ድንጋዩ እግሬን ሲለበልበኝ ጫማህን አውልቀህ ሰጠኸኝ። አንተ በካልሲ እየዘለልክ እስከ መኪናው ሄድክ። የወደድኩህ ያኔ አይደል?"

"እኔ? ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም!"

"ወይኔ! ተደጋጋሚ ያሉት ይሄንን ነው? እስቲ ለካው።"

አጠለቀው። ልክክ አለ።

"ጭራሽ ሰውየው በኔው ቁጥር!" አለ ደምረው። ጫማውን አውልቆ እጇ ላይ አኖረና፣ "ለባለቤቱ መልሺለት!" ብሎ በካልሲው ወጣ።