ሰቃ ያለው ሳንባ

ሣህሉ ጅማ ሲሆን ይታፈናል፤ ሰቃ ሲሄድ ይድናል።

ሚስቱ ውብነሽ ይህን ልብ ካለች ዓመት አልፏታል። ሣህሉ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ከወንዙ ዳር፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ካለው ቤታቸው ከሰነበተ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ለገበያ ብሎ ጎረቤት ከተማዋ ሰቃ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ሲመለስ ግን ዳገቱን እያፏጨ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ በወንዙ ቅዝቃዜ አሳበበች። ኋላ ሰቃም እንደሚዘንብ ትዝ አላት።

እሷ የቡና መጋዘን ካቦ ናት፤ አርባ ለቃሚ ሴቶች ታዛለች። ከእነሱ አንዷ ጽዮናዊት ለምላሷ ልጓም የላትም።

«እትዬ ውብነሽ፣ ጋሽ ሣህሉ ሰቃ ላይ ሌላ ሳንባ አስቀምጠዋል እንዴ?» አለች አንድ ቀን፣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እየለየች።

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ውብነሽም አብራ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ ወጣች፤ እስከ ቤቷ ድረስ ፊቷ እንደጋለ ሄደች።

ሣህሉ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ አጠገቡ ቆሟል።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«አየር» አለ። ፊቱን ሳያዞርም፣ «ውቤ፣ ከሥራ ስትመጪ ልብስሽን ብትቀይሪስ?»

«የለቃሚ ሽታ ሸተትኩህ? አሁን ነው የሸተትኩህ? እኔ በዚህ ልብስ ነው ቤት ያቆምኩት!»

ሣህሉ ዳግመኛ ስለ ልብስ አላነሣም።

ሐኪም ዘንድ ሄዶ የተመለሰ ዕለትም ነገሩን በቀልድ ነው ያለፈው። «ሰውነትህ ክፉ ዘበኛ ቀጥሯል አለኝ። ደጅ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ይነክሳል።»

«እንግዳው ማነው?»

ሣህሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ውብነሽ እንዲህ የሚያቀረቅረው ጥፋተኛ ሰው እንደሆነ ታውቃለች።

ሐምሌ ላይ አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ያን ወር ሣህሉ ሰቃን ረሳው። አጠባት፣ አጎረሳት፣ በዚያ በማይረባ ድምፁ ዘፈነላት። አንድ ቀን እንኳ አላፈነውም።

«ሲክስዎት ነው» አለች ጽዮናዊት፣ እሑድ ልትጠይቃት መጥታ።

ውብነሽ ሥራ በገባች በሳምንቷ ደረቱ እንደገና ጮኸ። እሱም ሰቃ ሄደ።

የሴትየዋን ስም ኅዳር ላይ ያመጣችው ያችው ጽዮናዊት ናት። ኡሙልኸይር ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ናት፤ ለሣህሉ ክፍል አከራይታዋለች።

«ሰቃ ሙሉ በየደጁ ቡና አስጥቷል። የሷ ግቢ ብቻ ባዶ ነው። ምን በልታ የምታድር ይመስልዎታል?»

ውብነሽ የሚገባትን ያህል ገባት። ሰቃ ላለው ሣህሉ ደወለች። «ወይ እኔን ወይ ሰቃን» አለችውና ዘጋችበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። መምጣቱን መጋዘን ሆና ሰማች፤ ሥራውን እንዳለ ጥላ ሮጠች። ደጃፉ ላይ አንገቱን አንቃ አቀፈችው።

«ከእንግዲህ አልሄድም» አለ በጆሮዋ።

አለቀሰች፤ አልለቀቀችውም። ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ሲያፍነው የሚስበውን ፓፍ ከኪሱ ፈለገ፤ የለም፤ ሰቃ ረስቶት መጥቷል። ጎረቤት ባጃጅ ፍለጋ ሲሯሯጥ ውብነሽ ነጠላዋን አውልቃ አከናነበችው፤ ራሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፈ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ሴት ፌስታል ይዛ ገባች።

«አላህ ሶብር ይስጥሽ እህቴ። ኡሙልኸይር ነኝ፣ ከሰቃ። ዕቃውን እንዳለ አመጣሁልሽ፤ አልነካሁትም።»

ውብነሽ ከፍራሹ ተነሣች። «ምን አብልተሽ ሰደድሽው? የባሌን ትንፋሽ የወሰድሽው አንቺ ነሽ! እዩዋት! ሰው ይይሽ!»

አንድ ሽማግሌ «ኧረ ልጄ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ገፋቻቸው።

«ማሎ እህቴ፣ እንዲህ አይባልም» አለች ኡሙልኸይር። «ወላሂ፣ መልስ አጥቼ አይደለም። የሟች አደራ አለብኝ።»

«አደራ ትላለች ደግሞ!» አለች ጽዮናዊት ከኋላ።

ሴትየዋ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ወጣች። ማንም አልሸኛትም።

በነጋታው ጠዋት ውብነሽ የፍቅር ደብዳቤ አገኛለሁ ብላ ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፈችው። አንድ ሸሚዝ፣ ሁለት መፍቻ፣ ፓፉ ከነካርቶኑ። ከካርቶኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ የሣህሉ ጽሕፈት ነው።

«ወይዘሮ ኡሙልኸይር፣ ድንገት ካፈነኝ ይህን አፌ ላይ ያድርጉልኝ። ቡናውን ከግቢው ስላነሡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ውብነሽ ከመጣች ግን አደራዎን፣ የሚያፍነኝ ከልብሷ የሚነሣው የቡና ብናኝ መሆኑን አይንገሯት፤ ታፍራለች።»