ወደ ቀኝ የምትስበው መኪና

አሮጌዋ ጀርመን ሠራሽ የስፖርት መኪናዬ ወደ ቀኝ መሳብ ከጀመረች ወር አለፋት። ጎማ ቀየርን፣ ሞላ ቀየርን፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሚስቴም «ወይ እኔ ወይ እሷ» ካለች ሰንብታለች። ዛሬ መካኒኩ በየጎማው ሥር ሚዛን አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣ በቀኝ በኩል ስልሳ ስምንት ኪሎ ትርፍ አለ። ምን ጭነህ ነው?»

«ምን እጭናለሁ? እንድትቀል ብለን የቀኙን ወንበር እንኳ ነቅለን የለም እንዴ!»

ሚዛኖቹን አቀያየራቸው። ቁጥሩ ያው ነው። በመስኮት አየሁ፤ ባዶ ወለል።

«በቃኝ፤ ነገ እሸጣታለሁ» አልኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

የቀኙ ትርፍ ቀስ እያለ ወርዶ ጠፋ። መካኒኩ «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ፣ ያው ስልሳ ስምንት ኪሎ በግራ፣ በመሪው በኩል ጨመረ።

ከዚያ የመኪናዋ በር ከውስጥ ተቆለፈ።