የአሮጌዋ ሎደር ግፊት

ወንድሙ ከሞተ ወዲህ መካኒኩ ወደ ሟቹ ግቢ ሲገባ ልቡ ይከብደዋል። ዛሬ ግን ግድ ሆነበት። የወንድሙ ሚስት ሟቹ ይነዳት የነበረችውን አሮጌ ሎደር ልትሸጥ ነው። ገዢው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ሎደሯ ደግሞ ክንዷን ማንሳት አቅቷታል።

የሃይድሮሊክ ዘይቱን አየ፤ ሙሉ ነው። ፊልትሮውን ቀየረ። የግፊት መለኪያውን ገጥሞ የወንድሙ ሚስት እንድታየው በጎን አንጠለጠለውና ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ የደህንነት ብረቱን አውርዶ፣ ማንሻውን ስቦ ሞከረ። የመለኪያው ቀስት ንቅንቅ ብሎ ተመልሶ ተኛ።

«ከሱ በቀር ሰው አልለመደችም» አለች የወንድሙ ሚስት፣ ለቀልድ ያህል ፈገግ ብላ።

«ፓምፑ አርጅቶ ነው፣ እትዬ።»

ሞተሩን ሳያጠፋ ብረቱን ወደ ላይ አንስቶ ወረደና የሚያንጠባጥብ ቱቦ እንዳለ ሊያይ ከኋላ ጎንበስ አለ። እሷ ዓይኗን ከመለኪያው አልነቀለችም።

«ግፊቱ አሁን ወጣ» አለች። «ማንሻውን እንደያዝከው ቆይ፣ እንዳትለቀው።»

«ምኑን ልያዝ? እኔ እዚህ ነኝ።»

ቀና ሲል የሎደሯ ክንድ በቀስታ እየተነሳ ነው። ይህች ሎደር ሰው ካልተቀመጠባትና የደህንነት ብረቷ ካልወረደ ክንዷ አይንቀሳቀስም። መቆለፊያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ራሱን እያጽናና ወደ ፊት ዞረ።

ብረቱ ወርዷል። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ስፖንጁ ግን ሰው እንደተቀመጠበት መሃል ለመሃል ሰርጉዷል። መካኒኩ ጠጋ ብሎ ሲያየው፣ የተቀመጠ ሰው እሱን ሊያይ ዞር ያለ ይመስል፣ ስርጉዱ ቀስ ብሎ ወደ እሱ በኩል ዘመም አለ።