የአገር ልጅ ጥርስ

የከተማዋ ውሃ፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ የሚያስቀር ማጣሪያ የተተከለለት የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጣ፤ በጉድጓዱ ውሃ ያደጉት ታላላቆች ግን በበለዘ ጥርሳቸው ይኮሩ ጀመር። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበርም፣ ጥርሱ ያልበለዘ የአገር ልጅ አይደለምና ለኮሚቴው አይመረጥም የሚል ደንብ አወጡ።

ትርንጎ ኮሚቴው ውስጥ ለመግባት የቆረጠችው፣ ማጣሪያው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይታደስ በመቆየቱ ነበር። በምርጫው ዕለት ለመመዝገብ ስትቀርብ ጸሐፊው ጥርሷን እንድታሳይ ጠየቃት። አሳየች።

«ይህ የእንግዳ ጥርስ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ አፋቸውን በጋቢያቸው እንደ ሸፈኑ። «ለመሆኑ የማን አገር ሰው ነሽ?»

«እትብቴ የተቀበረው ከእርስዎ ጓሮ ጀርባ ነው፣ ጋሼ።»

«እትብትማ አይታይም፤ የሚታየው ጥርስ ነው!»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ሊቀመንበሩም በገዛ ቀልዳቸው እየተፍነከነኩ፣ እንደ ልማዳቸው ለውሃው ንጽሕና ሊመሰክሩ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረውም ተጎነጩ። ሳቁ ገና አልለቀቃቸውም ነበርና ትን አላቸው። ሳሉ፤ ደግመውም ሳሉ። ጋቢው ከአፋቸው ወረደ፤ ብርጭቆው ውስጥም አንድ ነገር ጠብ አለ።

ትርንጎ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ከሥሩ እንደ በረዶ የነጣ፣ አንድ ረድፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተቀምጧል።

«ይህስ» አለች በትሕትና፣ «የማን አገር ሰው ነው፣ ጋሼ?»

ሊቀመንበሩ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው መልሰው፣ ደንቡ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መሻሩን አስታወቁ።