የአመተሥላሴ ቤት

ጨዉ ዛሬም ተደፍቷል። ቅሉ ከመደርደሪያው ወርዶ ምድጃው ሥር ተጋድሟል፤ ጨዉ አመዱ ላይ ተበትኗል። ፋንታዬ ኩበት እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ድመት ነው እንዳትል ድመት የላቸውም። ነፋስ ነው እንዳትል፣ በእኩለ ቀን መንዝን የዋጠው ጉም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠል አያነቃንቅም።

"ምነው እቴ፣" አለች ወደ ጓዳው። "እኔ ምን በደልኩሽ?"

ማንን እንደምታናግር ታውቃለች። ቤቱ የአመተሥላሴ ነበር፤ ቅጣው አምና ነው የቀበራት። ፋንታዬ ከገባች ገና ወር አልሞላትም፤ ስለ ሟቿ ግን ካንድም ሰው አፍ ቃል አልሰማችም። አዲስ ሚስት ፊት የፊተኛዋን ማንሳት ነውር ነው፣ ልብ ይሰብራል ብለው ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ባልየውም አፋቸውን ይዘዋል። ስሟን እንኳ ያወቀችው ቅጣው በእንቅልፍ ልቡ ሲጠራት ሰምታ ነው።

እሷን ያመጧት ለመድኃኒትነት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ቅጣው የልብ ድካም አለበት። መሐል ሜዳ ከተማ የምታስተምረው ልጁ ሀይማኖት ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገር፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብቻውን ከሚኖር የትዳር ጓደኛ አጠገቡ ቢኖር ይሻለዋል ተባለች። በሳምንቱ ሽማግሌ ተላከ። ሚስት እንደ ኪኒን ታዘዘች እንግዲህ!

የተመረጠችው ደግሞ ሁለት ባል የቀበረች ሴት ናት። ሞላሌ ገበያ ስታልፍ ሴቶቹ ከኋላዋ "ገፊ" ይሏታል፤ ያገባችውን ሁሉ ወደ መቃብር የምትገፋ ማለታቸው ነው። ፋንታዬ ወንድሟ ቤት ጥግ ይዛ ስትኖር ይህ ጋብቻ ሲመጣላት፣ ይህን ሰው አኑሬ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ ብላ ነበር እሺ ያለችው።

ይኸው እየሞተባት ነው። እግሩ አብጦ በጣት ሲነኩት ይጎደጉዳል፤ ተጋድሞ መተንፈስ አቅቶታል። ነገ ሀይማኖት መኪና ይዛ መጥታ ሐኪም ቤት ትወስደዋለች። ፋንታዬም ጓዟን ጠቅልላለች። ሦስተኛውን አልቀብርም፣ ሲሞት ከዚህ ቤት አልገኝም ብላለች።

"እግዜር ይስጥሽ፣ ፋንታዬ፣" አለ ቅጣው ከአልጋው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "አሁን ቀለል አለኝ።"

"ምኑ ነው የቀለለዎት?"

"ቀና አድርገሽ ባናውን ከጀርባዬ ስትደግፊልኝ ነዋ። አየር አገኘሁ።"

ጠጋ ብላ አየችው። ስትወጣ ከትራሱ ተንሸራቶ ተጣሞ ነበር። አሁን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ወፍራሙ የበግ ጠጉር ባና ተጣጥፎ ከጀርባው ገብቷል፣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተሸጉጠዋል። እሷ እንዲህ አድርጋ አጥፋ አታውቅም።

"እኔ ውጭ ነበርኩ፣ ጋሼ።"

ቅጣው አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ጓዳው መለሰ። አልደነገጠም። ይበልጥ ያስፈራት ይኸው አለመደንገጡ ነው።

እስከ ዛሬ ሟቿ የቀናችባት፣ ባሏን ወደራሷ ልትወስድ የመጣች ነበር የሚመስላት። ሊወስድ የመጣ ሰው ጀርባ ይደግፋል እንዴ? ፋንታዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"አመተሥላሴ ምን ምን ታደርግልዎት ነበር?"

ስሙ ከአፏ ሲወጣ፣ እስካሁን ልብ ያላለችው አንድ የሚንኮሻኮሽ ነገር ጓዳ ውስጥ ጸጥ አለ።

ቅጣው አንገቱን ደፋ። "እሷማ ጨው ከቤት አስወጥታ ነበር። ውሃ ያቋጥርብሃል፣ ሐኪሙ ከልክሏል እያለች ያንን ለዛ የሌለው አልጫዋን ታበላኛለች። ስንቴ ተጣላን መሰለሽ።"

"ጨው? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አዲስ ሚስት ወጥ ሠርታ ስታቀርብ፣ የሞተችው እንዲህ አልነበረም የምትሠራው ይባላል? ባይሆን ልሙት እንጂ።" ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ ፈገግ አለ። "ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጣፈጠኝ።"

ፋንታዬ ክው አለች። ባለሙያ ናት እንዲባልላት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወጡን ጨው አላሳጣችውም። ምግብ እምቢ እያለ ሲሄድ ደግሞ እንዲጣፍጠው ብላ ጨመረችለት። ሰዎቹ ሳያውቁ ልክ ነበሩ፤ በገዛ እጇ ስትገፋው ከርማለች። ልትጮህ ፈለገች፣ ልትስቅም ፈለገች። ዕድሌ ነው ብላ ስታለቅስ የኖረችበት ነገር የእጇ ሥራ ሆኖ ሲገኝ ለምን እፎይ እንዳላት አልገባትም። ዕድሏን ምንም ልታደርገው አትችልም ነበር፤ እጇን ግን ትችላለች።

ድስቱን አውጥታ ውጭ ደፋችው። ያለ ጨው፣ በነጭ ሽንኩርት ብቻ የክክ አልጫ ሠርታ አቀረበችና በእጇ አጎረሰችው። ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ዋጠ።

"ይህቺው ናት፣" አለ። "የሷው ለዛ ቢስ አልጫ።"

"ይልመዱት። ነገም ሐኪም ቤት አብሬዎት ነው የምሄደው፤ ሌላም ያልነገራችሁኝ ነገር ካለ ከሐኪሙ አፍ እሰማለሁ።"

ከጀርባዋ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሸክም አውርዶ የሚያርፍ ሰው ትንፋሽ ነው። ፋንታዬ ዞር አላለችም። ፈርታለች፣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ብቻዋን መቅረቱ ባሰባት።

"አይሂዱ፣ እትዬ አመተሥላሴ፣" አለች። "የቀረ ካለ ይንገሩኝ።"

ለቅጣው ሞልታ ያቀረበችለት የውሃ ጣሳ፣ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ዘመመና መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ውሃውንም ልቀንስለት?" አለች ፋንታዬ በሹክሹክታ።